የአያት ስም የማን ስም ነው?
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ በየቢሮአችን ጠረጴዛ ላይ ከሚገኝ ከአንድ ተራ ወረቀት ይጀምራል፡፡ ባለጉዳይ ሲመጣ የሚሞላው፣ ሠራተኛ ሲቀጠር የሚፈርምበት፣ ተማሪ ሲመዘገብ የሚቀርብለት ቅጽ በመጀመሪያው መስመር ላይ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል፡፡ ሦስተኛውን ቦታ ስንሞላ የማንኛችንም እጅ አይዘገይም፤ ማንኛችንም ቀና ብለን «የትኛው አያት?» ብለን አንጠይቅም፡፡ ዳሩ ግን አያት የሚለው ቃል በቋንቋችን ወንድ ወይም ሴት ብሎ አይለይም፡፡ የአባት አባት አያት ነው፤ የአባት እናትም አያት ናት፤ የእናት አባትና የእናት እናትም እንዲሁ አያቶች ናቸው፡፡ እያንዳንዳችን አራት አያቶች ሲኖሩን ቅጹ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው፡፡

ይህን የምለው ቅጹን ለመክሰስ አይደለም፡፡ ሰውን ከሰው ለመለየት ሦስት ስም ይበቃል፤ መዝገብ ቤትም የየቤተ ዘመዱን ታሪክ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም፡፡ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፡፡ ቅጹ የማይጠይቀንን ሦስቱን አያቶች፣ ይልቁንም ሁለቱን ሴቶች፣ ማን ይጠይቀናል? ስማቸውስ የት ተጽፎ ይገኛል? በዚህ ንግግሬ ላሳስብ የምፈልገው፣ የሴት አያቶቻችንን ስም በየቤቱ ይጠብቅልን የነበረው ነገር ዛሬ የሌለ መሆኑንና፣ እኛው ራሳችን ጠይቀን ካልጻፍነው በቀር ሌላ ጠባቂ እንደሌለው ነው፡፡

በመጀመሪያ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው፡፡ አንድ ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፡፡ ቁጥሩ እንዲህ በየትውልዱ እየታጠፈ ሲወጣ በሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ይደርሳል፡፡ ከወላጆች ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ትውልድ ያሉት ሁሉ ቢደመሩ 254 ይሆናሉ፤ ከእነዚህም እኩሌታዎቹ፣ ማለትም 127ቱ፣ ሴቶች ናቸው፡፡ እንግዲህ «ሰባት ቤት እቆጥራለሁ» ብሎ የሚኮራ ሰው አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ በአንድ ትንፋሽ ሲዘልቅ የሚጠራው ሰባት ወንዶችን ነው፡፡ ከ254 ሰዎች ሰባቱን ጠራ ማለት ነው፤ ከ127ቱ ሴቶች ግን አንዲቱንም አልጠራም፡፡ ይኸው ሰው በቆጠራው ሲመሰገን፣ ያልቆጠረው ምን ያህል እንደ ሆነ የሚነግረው የለም፡፡

ይሁን እንጂ ያለፉት ሰዎች የሴቶቹን ስም ጨርሰው የዘነጉ ነበሩ ማለት ከእውነት የራቀ ይሆናል፡፡ በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም የርስት አገሮች የነበረውን ልማድ የሚያውቅ ሰው ይህን ይመሰክራል፡፡ በዚያ ሥርዓት ርስት ለወንድ ልጅ ብቻ የሚወርድ አልነበረም፤ ሴት ልጅም ድርሻ ነበራት፤ የእርሷም ልጆች በእርሷ በኩል የሚጠይቁት ርስት ነበራቸው፡፡ ስለዚህ አንድ ሰው መሬት ሲጠይቅ በአባቱ በኩል ብቻ ሳይሆን «በእናቴ አባት በኩል»፣ «በአባቴ እናት በኩል»፣ «በእናቴ እናት እናት በኩል» እያለ፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው ሰው ድረስ ትውልዱን በሽማግሌና በዳኛ ፊት መቁጠር ነበረበት፡፡ ከመካከል አንዲት ሴት አያት ብትጠፋበት ሐረጉ ይቋረጣል፤ ሐረጉ ከተቋረጠ ሙግቱ ይፈርሳል፤ ሙግቱ ከፈረሰ መሬቱ ለሌላው ይሆናል፡፡

«ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ተረት ትልቅ ማስታወስን የሚጠይቅ ነው፤ ሺ ዓመት ይቅርና መቶ ዓመት ለመድረስ የሴት አያትን ስም መያዝ ግድ ነበርና፡፡ «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚለውም ተረት በአፍ ሲነገር የኖረ ነው፤ ነገር ግን ያች በማጀት የኖረች ሴት ከሞተች ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ ስሟ በችሎት ይጠራ ነበር፡፡ የልጅ ልጆቿ በእርሷ ስም ይሟገቱ፣ በእርሷ ስም ያርሱ ነበር፡፡

ሁለተኛው ጠባቂ ጋብቻ ነበር፡፡ በዘመዳሞች መካከል እስከ ሰባት ቤት መጋባት ነውር ስለ ነበረ፣ ልጅ ለመዳር ያሰበ ቤተሰብ ዝምድናውን በአባትም በእናትም በኩል ያስቆጥር ነበር፡፡ በዚህ ጊዜ በወንዶቹ ስም ብቻ መቁጠር አይበቃም፤ ዝምድናው በሴቶቹ በኩል የመጣ ሊሆን ይችላልና፡፡ «የእነ እገሌ አያት ከእገሊት ጋር እኅትማማቾች ነበሩ» የሚል አንድ ቃል የታሰበውን ሠርግ ያስቀር ነበር፡፡ ስለዚህ በየአገሩ ትውልድ ቆጣሪ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ይከበሩ ነበር፤ ቃላቸውም እንደ መዝገብ ይታመን ነበር፡፡

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ይህ ነገር ተለወጠ፡፡ ዐዋጁ ጭሰኛውን ከባለ መሬቱ ቀንበር ማላቀቁ የታወቀ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ተጽፎአል፡፡ ያልተጻፈለት ነገር ቢኖር፣ የርስት ሙግት ሲቀር የሴት አያትን ስም በቃል የማጥናት ምክንያትም አብሮ መቅረቱ ነው፡፡ ማንም ይህን አስቦ አላደረገውም፡፡ መሬቱ በትውልድ ቆጠራ የማይገኝ ከሆነ፣ «በአባቴ እናት በኩል» ብሎ የሚያጠና ልጅ ከየት ይምጣ? የሰባት ቤቱም ልማድ በከተማ እየላላ ሄደ፡፡ ከዐዋጁ ወዲህ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አልፎአል፡፡ በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ በአባቱ አጠገብ ቆሞ ሙግት ያዳመጠ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል፡፡ የሚያውቀውን ሳንጠይቀው ካለፈ ከእርሱ ጋር የሚያልፈው የአንድ ሰው ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሴቶች ስም ነው፡፡

የሴት አያት ስም ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሚሸከም፣ ምን ያህልም በቀላሉ እንደሚታለፍ ለመረዳት ከተራው ቤት ወጥተን ወደ ቤተ መንግሥት ብንመለከት እንኳ ምሳሌ እናገኛለን፡፡ በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት፣ በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣውም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተወላጅ መሆናቸውን፣ የእርሳቸውም ዘር ወደ ሰሎሞንና ወደ ንግሥተ ሳባ የሚወጣ መሆኑን በአንቀጽ ገልጾ ነበር፡፡ አሁን የንጉሠ ነገሥቱን ስም በተለመደው አቈጣጠር እንቁጠር፤ ተፈሪ፣ መኰንን፣ ወልደ ሚካኤል፣ ጉዴሳ እያለ ይሄዳል፡፡ በዚህ መስመር ላይ ሣህለ ሥላሴ የሚባል ሰው የለም፡፡ ታዲያ ተወላጅነቱ በየት በኩል መጣ? የመጣው በአባታቸው እናት፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ በተናኘ ወርቅ በኩል ነው፡፡ ራስ መኰንንን የወለዱ እርሳቸው ናቸው፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ በአንድ ጫፍ ንጉሡን፣ በሌላው ጫፍ ንግሥተ ሳባን ጠርቶ፣ ሁለቱን ከዘመኑ ንጉሠ ነገሥት ጋር ያገናኘችውን ሴት አያት ግን ሳይጠራ አልፎአል፡፡ የአንድ መንግሥት ዙፋን የቆመበት የዘር ሐረግ በአንዲት ሴት አያት በኩል አልፎ ሳለ ስሟ በአንቀጹ ካልተጻፈ፣ በእኔና በእናንተ ቤት ያለው ነገር እንዴት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም፡፡

የስም መጥፋት አንድ ጉዳት ነው፤ ስሙ ተጣምሞ መቅረቱ ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው፡፡ ለዚህ ሁላችንም የምናውቀው ምሳሌ የዐፄ ቴዎድሮስ እናት የወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ነገር ነው፡፡ ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት፣ ጠላቶቻቸው ሊያዋርዱአቸው ሲፈልጉ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሉአቸው ነበር፡፡ እንደሚተረከው፣ እናታቸው ባል ከጎናቸው ከጠፋ በኋላ በችግር ምክንያት በጎንደር ኮሶ ይሸጡ ነበር፡፡ ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባሉት ባላባት በዚሁ ቃል ፎክረው ሊይዙአቸው ዘመቱ፤ በጦርነቱ ግን ድል ሆነው ተማረኩ፤ ካሣም በፎከሩበት በዚያው በኮሶ ቀጡአቸው ይባላል፡፡

ይህን ታሪክ ስንሰማ ብዙ ጊዜ የምናደንቀው የልጁን ቍጣ ነው፡፡ ስለ እናቲቱ እስቲ ጥቂት እናስብ፡፡ ኮሶ በዚያን ዘመን የቅንጦት ዕቃ አልነበረም፤ ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር መኳንንቱም ድሀውም በየጊዜው የሚጠጣው መድኃኒት ነበር፡፡ ነገሩ እንደ ተባለው ከሆነ፣ ያች ሴት የሸጠችው ሰው ሁሉ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ነው፤ የሸጠችበትም ምክንያት ልጅዋን ለማሳደግ ነው፡፡ ስድብ ሆኖ የቀረው ቃል በእውነቱ የእናት ድካም ምስክር ነው፡፡ ዳሩ ግን ቃሉን ለትውልድ ያስተላለፉት የልጁ ጠላቶች ስለ ሆኑ ድካሙ ተረስቶ ስድቡ ቀረ፡፡ ቤተሰብ ራሱ ያልተረከውን ሕይወት ሌላው ሰው እንደ ወደደ ይተርከዋል፡፡

ይህን በሩቅ ዘመን የሆነ ነገር ብቻ አድርገን አንመልከተው፡፡ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ካለን የመንግሥት ሠራተኞች መካከል፣ እናቱ ወይም አያቱ ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ጥጥ ፈትላ ትምህርት ቤት ያስገባችው ስንት ነው? የዚያች ሴት ሥራ ስሙ በኀፍረት ይነሣል፤ ወይም ፈጽሞ አይነሣም፡፡ «የሴት ልጅ» የሚለው ቃል ራሱ፣ ያለ አባት ያደገውን ሰው ያላደገ፣ ያልተቀጣ አድርጎ የሚሰድብ ነው፡፡ አባት በሌለበት ቤት ሁለቱንም ሸክም የተሸከመች ሴት ምስጋናዋ ይህ ሆነ፡፡ እንግዲህ አያቱ ጠላ ስትሸጥ የኖረች ሰው፣ ይህን ደብቆ «ባለርስት ነበረች» ብሎ ለልጆቹ ቢነግር አላከበራትም፤ ሌላ ሴት ፈጥሮ በእርሷ ቦታ አስቀመጠ እንጂ፡፡

ከዚህም የበለጠ የሚከብድ ዝምታ በብዙ ቤት አለ፡፡ ባርነት በዐዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፡፡ ከዚያ በፊት ከትውልድ አገራቸው ተነጥቀው፣ በገበያ ተሸጠው፣ በሰው ቤት ያደጉና የወለዱ ሴቶች ብዙዎች ነበሩ፡፡ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ተለውጦ ጌታው በሰጣቸው ስም ተጠሩ፡፡ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በመካከላችን አሉ፡፡ በእንዲህ ያለ ቤት «የአያትህ አባት ማን ይባላል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ላይኖረው ይችላል፡፡ መልስ የሌለው መሆኑ ራሱ ታሪክ ነው፤ «ተወስዳ የመጣች፣ የአባቷ ስም ከእርሷ ጋር እንዳይመጣ የተደረገች ሴት» ተብሎ ሊጻፍ ይገባዋል፡፡ ኀፍረቱ የወሰዱአት ሰዎች ነው እንጂ የእርሷ አይደለም፡፡

አድማጮች ሆይ፤ የሴትን ሕይወት ቤተሰቦቿና ባልንጀሮቿ በጊዜ ቢናገሩት እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያሳይ መልካም ምሳሌም አለን፡፡ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጉዳይ ከንጉሡ ጋር የተቃወሙት ወለተ ጴጥሮስ ያረፉት በ1635 ዓ.ም. ነው፡፡ ገድላቸው የተጻፈው ከዕረፍታቸው 30 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ጸሓፊው ገላውዴዎስ የጻፈውም እርሳቸውን በሕይወታቸው ካወቁ ሰዎች አፍ እየሰማ ነው፡፡ ገድሉ የአባታቸውን የባሕር ሰገድን ስም ብቻ ሳይሆን የእናታቸውን የክርስቶስ ዕበያን ስም ጭምር አኑሮልናል፡፡ ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ፡፡ 30 ዓመት ማለት አብረው የኖሩት ወጣቶች ያረጁበት፣ ነገር ግን ገና ያልሞቱበት ጊዜ ነው፡፡ ጸሓፊው ሌላ 30 ዓመት ቢዘገይ ኖሮ የሚጠይቀው ሰው ባላገኘም ነበር፡፡ ለእያንዳንዱ ቤተሰብም እንዲህ ያለ የጊዜ ወሰን አለው፤ ወሰኑ ያበቃል እንጂ አይራዘምም፡፡

ታዲያ ምን እናድርግ? አንዳንድ ሰው «አያቴ መቼ እንደ ተወለደች አይታወቅም፤ የተጻፈ ነገር የለም፤ ስለዚህ ምንም ማወቅ አይቻልም» ይላል፡፡ ይህ ልክ አይደለም፡፡ የቀድሞ ሰዎች ዘመናቸውን በዓመተ ምሕረት ባይቆጥሩትም በታላላቅ ነገሮች ይቆጥሩት ነበር፡፡ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው የዐድዋ ጦርነት፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሆነው የሰገሌ ጦርነት፣ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ የ1928 ዓ.ም. የጠላት መግባት፣ የ1933 ዓ.ም. የነጻነት መመለስ፣ የ1966 ዓ.ም. አብዮት፤ እነዚህ ሁሉ እንደ ድንበር ድንጋይ ናቸው፡፡

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ሽማግሌ ስለ እናታቸው «የኅዳር በሽታ ሲገባ ገና ጡት መጣላቸው ነበር፤ ጠላት ሲገባ ደግሞ የበኵር ልጃቸውን አዝለው ሸሹ» ቢሉን፣ ከዚህ ከአንዱ ዐረፍተ ነገር ብዙ እናገኛለን፡፡ ልጅ ጡት የሚጥለው በሁለትና በሦስት ዓመቱ ከሆነ፣ እኒያ እናት የተወለዱት በ1908 ወይም በ1909 ዓ.ም. ግድም ነው፡፡ ብዙ ሰው ከፈጀ በሽታ ተርፈዋል፡፡ በጠላት ወረራ ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃያ አይርቅም ነበር፤ የበኵር ልጃቸውንም ወልደው ነበር፡፡ በዚያን ዘመን ሴት ልጅ በሕፃንነቷ ትዳር ስለ ነበር፣ የተዳሩት በስንት ዓመታቸው እንደ ሆነ ቀጥሎ መጠየቅ ይገባል፡፡ ይኸው ያለ አንድ ወረቀት የአንዲት ሴት ሕይወት መልክ መያዝ ጀመረ፡፡

ሁለተኛው ነገር የስም ጉዳይ ነው፡፡ አንዲት ሴት አንድ ስም ብቻ ነበራት ብለን አንገምት፡፡ ወላጆቿ ያወጡላት የዓለም ስም አለ፤ ክርስቲያን ከሆነች በጥምቀት የተሰጣት ስም አለ፤ ስትዳር አማቷ ያወጣችላት ስም ይኖራል፤ ከወለደችም በኋላ ጎረቤቱ «የእገሌ እናት» እያለ ይጠራታል፡፡ እቴጌ ምንትዋብ እንኳ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበረ፤ ሦስቱን ስሞች የማያውቅ ሰው ሦስት ሴቶች ሊመስሉት ይችላል፡፡ በብዙ ቤት ተርፎ የሚገኘው አማቷ ያወጣችላት ስም ብቻ ነው፤ ይኸውም ከተዳረች በኋላ ያለውን ሕይወቷን እንጂ የልጅነቷን አይነግረንም፡፡ ስለዚህ «ማን ይሉአት ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «በአባቷ ቤት ሳለች ማን ትባል ነበር?» ማለት ያስፈልጋል፡፡

በዚህ ረገድ አገራችን አንድ መልካም ልማድ አላት፡፡ የኢትዮጵያ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ትታ በባሏ ስም አትጠራም፡፡ ስለዚህ የሴት አያታችንን ሙሉ ስም ስናገኝ፣ የእርሷን፣ የአባቷንና የአያቷን፣ በጠቅላላው ሦስት ስም እናገኛለን፡፡ አንዲት ሴት አያት የጠየቀ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ያላወቀውን የሌላ ቤት ደጃፍ ከፈተ ማለት ነው፡፡ ደግሞም በአብዛኛው ቦታ ሙሽራ ከአባቷ መንደር ወጥታ ወደ ባሏ መንደር የምትሄድ ስለ ሆነች፣ በቤተሰቡ ውስጥ ከሩቅ የመጣችው ብዙ ጊዜ እርሷ ናት፡፡ የተወለደችበትንና የተዳረችበትን ቦታ ብንጽፍ ቤተሰቡ ከየት ከየት እንደ ተሰበሰበ ይገለጥልናል፡፡

ሦስተኛው የአጠያየቅ ዘዴ ነው፡፡ ለአንዲት አሮጊት «ታሪክዎን ይንገሩኝ» ብንላቸው «የምን ታሪክ አለኝ ልጄ፤ ታሪክስ የትልልቅ ሰዎች ነው» ብለው ዝም ይላሉ፡፡ ይህ ትሕትናቸው ነው፡፡ ነገር ግን «እማማ፣ በልጅነትዎ ውሃ ይቀዱ የነበረው ከየት ነው?» «እንዝርት መያዝ ያስተማሩዎት ማን ናቸው?» «እህል በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩ የነበረው በስንት ሰዓት እየተነሡ ነው?» «በሠርግዎ ቀን በምን ተጭነው ሄዱ፤ ማንስ ሸኘዎት?» ብንል ነገሩ ይለወጣል፡፡ ከውሃው መንገድ የመንደሩ ስም ይመጣል፤ ከእንዝርቱ የእናታቸው ስም ይመጣል፤ ከሠርጉ የወንድሞቻቸውና የአጎቶቻቸው ስም ይመጣል፡፡ የወለዱአቸውን ብቻ ሳይሆን የቀበሩአቸውንም ልጆች ቀስ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ አስታውሶ የሚጠይቃቸው ሰው ስለማያገኙ ብዙ ጊዜ የእነዚያን ሕፃናት ስም የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው፡፡ ሊናገሩት ያልወደዱትን ነገር ግን አንጨቅጭቃቸው፤ ለጊዜው ቦታውን ባዶ አድርገን እንተወው፡፡

አራተኛው መጻፍ ነው፡፡ ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል፤ ይህም የቀድሞ ሰዎች ያላገኙት ትልቅ ዕድል ነው፡፡ ዳሩ ግን ድምፅ የተቀዳበት ዕቃ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ይለወጣል፡፡ ስለዚህ የሰማነውን በወረቀት እንጻፈው፤ ማን እንደ ነገረንና በምን ቀን እንደ ሰማን እንጨምርበት፤ ከአንድ በላይ ቅጂ አድርገን በተለያየ ቤት እናኑረው፡፡ ሁለት ዘመዳሞች ሁለት ዓይነት ቢነግሩን አንዱን ለማስደሰት ሌላውን አንሰርዘው፤ ሁለቱንም ከነተናጋሪዎቹ እንጻፍ፡፡ ይህ እኛ በየቢሮአችን በየቀኑ የምንሠራበት ደንብ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ቀንና ፊርማ የምንጠይቅ ሰዎች ለአያታችን ጉዳይ ሲሆን ለምን እንሰንፋለን?

መንግሥትም በበኩሉ አንድ በር ከፍቶአል፡፡ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በልደት መዝገብ ላይ የሚጻፈው የአባት ስም ብቻ ሳይሆን የእናትም ስም ነው፡፡ ዛሬ የሚወለደው ሕፃን የልጅ ልጆች እንግዲህ ሴት አያታቸውን ከመዝገብ ሊያገኙአት ይችላሉ፡፡ ነገር ግን ይህ መዝገብ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም፡፡ ከዚያ በፊት የኖሩትንና ያለፉትን አይመልስልንም፡፡ በዚያ መዝገብ ያልደረሰባቸውን ሴቶች መመዝገብ የእኛ ድርሻ ነው፤ የምንመዘግብባቸውም ዓመታት ጥቂት ናቸው፡፡

ምናልባት ከአድማጮች መካከል «ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል? ርስት አይገኝበት፤ ሹመት አይገኝበት» የሚል ይኖር ይሆናል፡፡ እውነት ነው፤ አይገኝበትም፡፡ ይልቁንም በዚህ ምክንያት ነው ሥራው ንጹሕ የሚሆነው፡፡ ቀድሞ የሴት አያትን ስም የጠበቀው የመሬት ጥቅም ነበር፤ ጥቅሙ ሲቀር ስሙም ለመጥፋት ደረሰ፡፡ ዛሬ ስሟን የሚጠራ ሰው ግን ከእርሷ ምንም ሳይፈልግ ይጠራታል፡፡ የሚያገኘውም ነገር ቢኖር፣ ለልጁ «አንተ ከእነዚህ ሰዎች መጣህ» ብሎ ሲነግረው የቤቱን እኩሌታ ሳይሆን መላውን መናገር መቻሉ ነው፡፡

እንግዲህ ንግግሬን በአንድ ልመና ልፈጽም፡፡ በዚህ ሳምንት ከሥራ በኋላ አንድ ነጭ ወረቀት ወስዳችሁ አራት መስመር አስምሩ፡፡ በመጀመሪያው የአባታችሁን አባት፣ በሁለተኛው የአባታችሁን እናት፣ በሦስተኛው የእናታችሁን አባት፣ በአራተኛው የእናታችሁን እናት ስም ከነአባታቸው ጻፉ፤ በየስሙም ትይዩ የተወለዱበትን ስፍራ አኑሩ፡፡ ባዶ የቀረውን መስመር አትሸፍኑት፡፡ ከቤተ ዘመዱ መካከል በዕድሜ የገፉት ማን እንደ ሆኑ አስቡና ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ እርሳቸው ሂዱ፤ ለመጪው በዓል አታቆዩት፡፡